የአየር ጠመንጃ ጥይት አመራረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአየር ጠመንጃ የሚገዛ ሰው ልቡ ያለው ጠመንጃው ላይ ነው። በርሜሉን ያያል፣ መነጽሩን ያማርጣል፣ ሰደፉን ትከሻው ላይ አድርጎ ይሞክራል። ጥይቱን ግን መጨረሻ ላይ እጁ የገባውን አንስቶ ይሄዳል። ከዚያ ቀዳዳዎቹ ዒላማው ላይ እዚህም እዚያም ሲበተኑ ጠመንጃውን ይወቅሳል። ብዙ ጊዜ ጠመንጃው ምንም አላጠፋም።

እውነት ጥይት መቀየር ብቻውን ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል፣ ያውም በጣም። ጠመንጃው አንድ፣ ተኳሹ አንድ፣ ቀኑም አንድ ሆኖ፣ በ25 ሜትር ላይ አንደኛው ጥይት አምስቱንም ቀዳዳ በሳንቲም የሚሸፈን አድርጎ ያስቀምጣቸዋል። ሌላው ደግሞ መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ ይበትናቸዋል።

ምክንያቱ ኃይል ነው። የባሩድ ጠመንጃ ጥይቱን በከፍተኛ ግፊት እየጨመቀ ከበርሜሉ ጋር በግድ ያስማማዋል። የአየር ጠመንጃ እንደዚያ ያለ ጉልበት የለውም። ስለዚህ ጥይቱ ገና ከጣሳው ሲወጣ ለዚያ በርሜል የሚስማማ መሆን አለበት። ትንሽ ከሰፋ እየታሸ ይሄድና ፍጥነቱ ይበላል። ትንሽ ከጠበበ አየር በጎኑ ያመልጣል። በርሜሉ ውስጥ ያሉትን ጠመዝማዛ ፈሮች በደንብ አይነክስም፤ ሲወጣም እየተንገዳገደ ነው።

በአንድ ፋብሪካ ተከታትለው የተሠሩ ሁለት በርሜሎች እንኳ የተለያየ ጥይት ሊወዱ ይችላሉ። ስለዚህ ጠመንጃችሁን ሳያይ "ለእሱ ምርጡ ይሄ ነው" የሚላችሁ ሰው እየገመተ ነው። ጥሩ ግምት ሊሆን ይችላል፤ ያው ግምት ነው።

ጥይቱ ለምን ወገቡ የቀጠነ ሆነ?

የተለመደው የአየር ጠመንጃ ጥይት ሦስት ክፍል አለው፦ ራስ፣ ቀጭን ወገብ እና ውስጡ ባዶ የሆነ ቀሚስ። ራሱ በፈሮቹ ላይ እየተመራ ይሄዳል። ቀሚሱ ስስ ነው። የአየሩ ግፊት ከኋላ ሲመታው ይለጠጥና በርሜሉን ይዘጋል፣ አየር እንዳያመልጥ። ወገቡ የቀጠነው ከበርሜሉ ጋር የሚታሸው አካል እንዲቀንስ ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። ክብደቱ ወደ ፊት ያደላል፣ አየር የሚይዘው ሰፊው ቀሚስ ደግሞ ከኋላ ነው። ስለዚህ ልክ እንደ ባድሚንተን ላባ ኳስ አፍንጫውን ወደ ፊት አድርጎ ይበርራል። ፈሮቹ የሚሰጡት መሽከርከር ላይ ይሄ ሲጨመር ጥይቱ ይረጋጋል። ዋጋው ግን አለ፤ ያ ቀሚስ አየሩን ስለሚገፋው ጥይቱ ፍጥነቱን ቶሎ ይጥላል። የአየር ጠመንጃ በሩቁ የሚዳከመው በአብዛኛው በዚህ ነው።

4.5 ሚሊ ሜትር ይሻላል ወይስ 5.5?

ጠመንጃው ከተገዛ በኋላ ይሄ ጥያቄ አይነሳም፤ በርሜሉ የሚቀበለው አንዱን ብቻ ነው። ገና ለመግዛት የምታስቡ ከሆነ ግን ቁጥሩን እንየው።

ሁለቱም ጠመንጃዎች ለጥይቱ 16 ጁል ያህል ኃይል ይሰጣሉ እንበል። በ4.5 የተለመደ 8.4 ግሬን ጥይት (0.54 ግራም ገደማ) በሰከንድ 240 ሜትር አካባቢ ይወጣል። በ5.5 የተለመደ 15.9 ግሬን ጥይት (1.03 ግራም ገደማ) ደግሞ በሰከንድ ወደ 176 ሜትር ነው። እስከ 30 ሜትር ሲጓዙ የመጀመሪያው ከበርሜሉ መስመር 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ሁለተኛው ወደ 16። ስለዚህ 4.5 ርቀት ሲገመት ለሚፈጠር ስሕተት ይቅርታ ያደርጋል። 5.5 ደግሞ ትልቅ ቀዳዳ ይከፍታል። ጥይቱም ተለቅ ስለሚል ለጣት ይመቻል፤ በብርድ ጊዜ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ለወረቀት ዒላማ 4.5ን እመርጣለሁ። የኦሊምፒኩ የ10 ሜትር ውድድርም በ4.5 ነው የሚካሄደው። ከእነዚህ ሁለቱ ሌላ 5.0 እና 6.35 ሚሊ ሜትርም አሉ። የጥይት ምርጫቸው ግን ጠበብ ይላል።

ቀላል ጥይት ልግዛ ወይስ ከባድ?

ይሄን ለመመለስ መጀመሪያ ጠመንጃችሁ በምን እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ሰዉ የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው።

በሞላ የሚሠራ ጠመንጃ ከሆነ ምላጩ ሲሳብ የተጨመቀው ሞላ ይለቀቅና ፒስተኑን ወደ ፊት ያስፈነጥረዋል። ፒስተኑ ከፊቱ ያለውን አየር ይጨምቃል፣ ያ አየር ጥይቱን ይገፋል። ሁሉም የሚሆነው በጥቂት ሺኛ ሰከንዶች ውስጥ ነው። ጥይቱ በጣም ቀላል ከሆነ አየሩ በቂ ሳይጨመቅ ጥይቱ አምልጦ ይሄዳል። ፒስተኑን የሚያቆመው የአየር ትራስ ስለማይኖር ከሲሊንደሩ ጫፍ ጋር ይላተማል። ከጊዜ በኋላ ሞላውም የፒስተኑ ጎማም ይጎዳሉ። ጥይቱ በጣም ከባድ ከሆነ ደግሞ ቶሎ አልነቃነቅም ይላል። የተጨመቀው አየር ፒስተኑን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ ጠመንጃው እጅ ላይ ይዘልላል፣ ኃይሉም ይባክናል። ስለዚህ ለሞላ ጠመንጃ መካከለኛው ነው የሚሻለው። በ4.5 ከ7 እስከ 8.5 ግሬን፣ በ5.5 ከ13 እስከ 16 ግሬን ያለው ጥሩ መነሻ ነው። በሞላ ፈንታ በጋዝ ፒስተን የሚሠራውም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ቀድሞ በታመቀ አየር የሚሠራው፣ ፒሲፒ የሚባለው፣ ጸባዩ ሌላ ነው። እዚህ የሚላተም ፒስተን የለም። አየሩ ታንኩ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል፤ ቫልቩ ሲከፈት ጥይቱን በርሜሉን እስኪጨርስ ይገፋዋል። ከባድ ጥይት በርሜሉ ውስጥ ከቀላሉ የበለጠ ስለሚቆይ ግፊቱን ረዘም ላለ ጊዜ ይቀበላል። በዚህ የተነሳ ያው ጠመንጃ ከከባድ ጥይት ጋር ብዙ ጊዜ የበለጠ ኃይል ይሰጣል። ነፋስ ባለበትና ርቀቱ ሲጨምርም ከባዱ ያሸንፋል፤ ፍጥነቱን ቶሎ አይጥልም፣ በነፋስም ብዙ አይገፋም። የፒሲፒ ተኳሾች በ4.5 እስከ 10 ግሬን፣ በ5.5 ደግሞ 18 እና ከዚያ በላይ የሚጠቀሙት ለዚህ ነው።

በካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሠሩት በአብዛኛው ኃይላቸው ዝቅ ያለ ነው። ቀለል ያለ ጥይት ይስማማቸዋል።

ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ፍጥነት ለምን አላገኝም?

ያ ቁጥር ለሽያጭ የተጻፈ ስለሆነ ነዋ። ብዙ ጊዜ የሚለካው በጣም ቀላል በሆነ፣ ከእርሳስ ባልተሠራ ጥይት ነው። እናንተ መደበኛ የእርሳስ ጥይት ስታስገቡ ፍጥነቱ መውረዱ የግድ ነው። ጠመንጃው አልተበላሸም፣ አልተሸወዳችሁምም። ማለቴ፣ በጠመንጃው አልተሸወዳችሁም።

ደግሞስ ያን ፍጥነት ብታገኙት ምን ይጠቅማችኋል? ድምፅ በአየር ውስጥ የሚጓዘው በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው። ወገበ ቀጭን ጥይት ወደዚያ ፍጥነት ሲጠጋ በዙሪያው ያለው አየር ይረበሻል፣ ጥይቱም መወላገድ ይጀምራል። አልፎት ከሄደ ደግሞ ወዲያው ፍጥነቱን ጥሎ ያንኑ የተረበሸ ክልል ቁልቁል ማቋረጡ አይቀርም። ተጨማሪ ስጦታውም እንደ ጅራፍ የሚጮህ ድምፅ ነው። ልምድ ያላቸው ተኳሾች ከሰከንድ 285 ሜትር በታች መቆየት ይመርጣሉ። በጣም ፈጣን ጠመንጃ ካላችሁ ትንሽ ከበድ ያለ ጥይት መጠቀም ፍጥነቱን አውርዶ ምቱን ያሰበስብላችኋል።

ፍጥነትና ትክክለኛነት የተለያዩ መሆናቸውን ለማየት የኦሊምፒክ ተኳሾችን ማየት በቂ ነው። የአየር ጠመንጃ በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ከገባ ጀምሮ ውድድሩ በ10 ሜትር ርቀት ነው። መሐል ላይ ያለችው የአሥር ነጥብ ምልክት ስፋቷ 0.5 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ያችን ነጥብ ደጋግመው የሚያገኙት ጥይቶች በሰከንድ 170 ሜትር አካባቢ ነው የሚሄዱት። ለካርቶን ማስታወቂያ የሚሆን ቁጥር አይደለም።

ጠፍጣፋ፣ ክብ፣ ሹል፣ የተቦረቦረ ራስ፤ የቱን ልምረጥ?

በአንድ ቃል መልሱ ክብ ራስ ነው። ምን እንደሚገዛ ግራ የገባው ሰው በክብ ራስ ቢጀምር አይቆጭም።

ክብ ራስ አየሩን በቀላሉ እየከፈለ ይሄዳል። ፍጥነቱን ከሌሎቹ በተሻለ ይይዛል፣ በነፋስም ያን ያህል አይገፋም። ከ25 ሜትር በላይ ለሚተኩስ ሰው ከዚህ የተሻለ ቅርጽ የለም ማለት ይቻላል።

ጠፍጣፋ ራስ የወረቀት ዒላማ ጥይት ነው። ወረቀቱን እንደ መብሻ ክብ አድርጎ ስለሚቆርጠው ነጥብ ለመቁጠር ያመቻል። ክብ ራስ ግን ወረቀቱን ይቀደዋል፤ ቀዳዳው መስመሩን ነካ አልነካም የሚል ክርክር ያስነሳል። በ10 ሜትር ጠፍጣፋውን የሚደርስበት የለም። ከ20 እና 25 ሜትር በኋላ ግን የአየሩ ግፊት ያሸንፈውና መበተን ይጀምራል።

ሹል ራስ ገበያ ላይ ብዙ ሰው የሚማርክ ነው። ይወጋል፣ ይበሳል፣ ሩቅ ይሄዳል ብሎ ያሰበ ሁሉ ያነሳዋል። እኔ አላነሳውም። በአየር ጠመንጃ ፍጥነት ላይ ሹልነቱ ከክቡ የተሻለ አያበርረውም። ጫፉን ትክክል መሐል ላይ አድርጎ መሥራትም ከባድ ነው። ያ ጫፍ ትንሽ ከተጣመመ ጥይቱ ሚዛኑን ያጣል። ጣሳው ውስጥ እርስ በርስ ሲጋጩም በቀላሉ ይጣመማል።

ራሱ የተቦረቦረው ሲመታ እንዲከፈት ታስቦ የተሠራ ነው። ለመከፈት ግን በቂ ፍጥነት ይዞ መድረስ አለበት። ደካማ ጠመንጃ ላይ ወይም ርቀቱ ሲጨምር አይከፈትም። ያኔ በአየር ላይ ከክቡ የከፋ፣ ሲመታም ከክቡ የማይሻል ጥይት ይሆናል። ለኃይለኛ ጠመንጃና ለቅርብ ርቀት ብቻ ነው የሚሆነው። ጫፉ ላይ ፕላስቲክ የተሰካባቸውም አሉ። ያምራሉ፣ ውድ ናቸው፣ አንዳንድ በርሜል ይወዳቸዋል።

ጣሳው ላይ 4.50፣ 4.51፣ 4.52 የሚለው ምን ማለት ነው?

የጥይቱ ራስ ስፋት ነው፣ በሚሊ ሜትር። የውድድር ጥይት የሚሠሩ ፋብሪካዎች አንዱን ጥይት በተለያየ የራስ ስፋት ያቀርባሉ፤ ከ4.48 እስከ 4.52 የሚደርስ። ልዩነቱ የሚሊ ሜትር መቶኛ ነው። ቀልድ ይመስላል። ግን በርሜሉ እንዲህ ያለውን ልዩነት ያውቀዋል።

ያለ መለኪያም የሆነ ስሜት ማግኘት ይቻላል። በርሜሉ ለሁለት ታጥፎ የሚጎረስ ጠመንጃ ካላችሁ ጥይቱን በጣት ስትገፉት ልብ በሉት። ሳትገፉት ወርዶ ከተቀመጠ ጠቦታል። አውራ ጣታችሁን እስኪያም ካታገላችሁ ሰፍቶታል። ጥሩው በቀላል ግፊት ገብቶ ቀሚሱ ከበርሜሉ አፍ ጋር እኩል የሚሆነው ነው።

እርሳስ የሌለባቸው ጥይቶች ጥሩ ናቸው?

እየተሻሻሉ ነው። ብዙዎቹ የሚሠሩት ከቆርቆሮ (ቲን) ቅይጥ ነው። የእርሳስ እፍጋት በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር 11.3 ግራም ሲሆን የቆርቆሮው 7.3 ነው። ስለዚህ በመጠን እኩል የሆነ ጥይት ክብደቱ በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ከአፈሙዙ ፈጥኖ ይወጣል፣ ከዚያ ግን ፍጥነቱን ከእርሳሱ ቀድሞ ይጥላል።

ሌላው ነገር ጠጣርነቱ ነው። እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ ከበርሜሉ ጋር ይግባባል። ቆርቆሮ አይለጠጥም፤ ልኩ ካልገጠመ አልገጠመም። አንዳንድ በርሜል ላይ ግሩም ይሆናል፣ ሌላው ላይ ገንዘብ ማባከን ነው። ጠጣር ጥይት ከጠጣር ነገር ላይ ሲነጥርም ይከፋል። ቤት ውስጥ ወይም ልጆች ባሉበት ቦታ የሚተኩስ ሰው ግን ከእርሳስ ብናኝ ለመራቅ ሲል ትንሽ ትክክለኛነት ቢሰዋ አይፈረድበትም።

ክብ የብረት ጥይት፣ ቢቢ የሚሉትን፣ ልጠቀም?

ፈር ባለው በርሜል ፈጽሞ አትጠቀሙ። ብረቱ ፈሮቹን ይቧጭራል። ልኩም ከ4.5 በትንሹ ስለሚያንስ በርሜሉ ውስጥ እየተንኳኳ ይሄዳል። ሲነጥር ደግሞ ወደ ተኳሹ ተመልሶ ይመጣል፣ ዓይን ያጠፋል። አምራቹ ለሁለቱም እንደሚሆን በግልጽ ከጻፈ ብቻ ነው ሌላ ወሬ የሚኖረው።

ስለ ስለግ ብዙ እሰማለሁ። ከተለመደው ጥይት ይበልጣል?

ስለግ ወገብ የሌለው፣ ሙሉ በሙሉ ሞላላ ጥይት ነው፤ የባሩድ ጠመንጃ እርሳስ ይመስላል። አየሩን በደንብ ስለሚሰነጥቅ ሩቅ ይሄዳል፣ በነፋስም እምብዛም አይገፋም። ግን ቀሚስ ስለሌለው ራሱን በራሱ አያረጋጋም። የሚያረጋጋው የበርሜሉ መሽከርከር ብቻ ነው። ለዚያ የሚመጥን የፈር ጥምዝና ትልቅ ኃይል ይፈልጋል። በተግባር ሲታይ የኃይለኛ ፒሲፒ ጉዳይ ነው።

የሞላ ጠመንጃ ያለው ሰው ስለግ ቢገዛ ገንዘቡን ነው የሚያባክነው። ፒሲፒ ያለውም ቢሆን መጀመሪያ ካዝናውን ይለካ፤ ረጅም ስለግ ብዙ ካዝና ውስጥ አይገባም። ደግሞ ሩቅ ስለሚሄድ ከዒላማው ጀርባ የሚቀመጠው መከላከያ ከበፊቱ ይበልጥ አስተማማኝ መሆን አለበት።

እሺ፣ ለእኔ ጠመንጃ የሚስማማውን እንዴት ልፈልግ?

በመተኮስ ነው እንጂ በማንበብ አይገኝም። ይሄን ጽሑፍም ጨምሮ።

መጀመሪያ የጠመንጃውን ብሎኖች አጥብቁ። የሞላ ጠመንጃ ንዝረቱ ብሎን ያላላል፤ የመነጽሩም ማሰሪያ እንዲሁ። ልል ብሎን ይዞ ጥይት ማወዳደር ከንቱ ድካም ነው። ከዚያ ከአራት እስከ ስድስት ዓይነት ጥይት ሰብስቡ፦ ክብደታቸው የተለያየ፣ አብዛኞቹ ክብ ራስ፣ ከተለያየ ፋብሪካ። የቼኩ ጄኤስቢ፣ የጀርመኖቹ ኤች ኤንድ ኤን እና አርደብሊውኤስ በጥራታቸው ስም ያላቸው ናቸው። ከእነዚህ መጀመር አያሳስትም። አንዳንድ አምራቾች ከየዓይነቱ ጥቂት ጥቂት የያዘ የሙከራ ጥቅል ይሸጣሉ። ካገኛችሁ ገንዘብ ይቆጥባል።

ነፋስ የሌለበት ሰዓት ምረጡ። ርቀቱ ወትሮ የምትተኩሱበት ይሁን፤ ካልወሰናችሁ 25 ሜትር ጥሩ ነው። ጠመንጃውን አስደግፉ። ግን የሞላ ጠመንጃ በጠንካራ ነገር ላይ አይደገፍም፣ ተጨምቆም አይያዝም። ከጥይቱ መውጣት በፊት እንቅስቃሴ ስለሚጀምር፣ በየጊዜው አንድ ዓይነት እንዲንቀሳቀስ መተው ነው የሚሻለው። ክፍት መዳፍ ላይ አስቀምጡት፣ መዳፋችሁ በየተኩሱ አንድ ቦታ ላይ ይሁን፣ ትከሻችሁም ቀለል አድርጎ ይንካው። ፒሲፒ በዚህ አይጨነቅም፤ አሸዋ ከረጢት ላይ ጭኖ መተኮስ ይቻላል።

ጥይት በቀየራችሁ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን ከ10 እስከ 20 ተኩሶች አትቁጠሯቸው። የቀደመው ጥይት እርሳስና ቅባት በርሜሉ ላይ አለ፤ አዲሱ የራሱን እስኪተካ ይበታተናል። ብዙ ጥሩ ጥይት "አይረባም" የተባለው በእነዚህ ተኩሶች ተፈርዶበት ነው።

ከዚያ በንጹሕ ወረቀት ላይ አምስት አምስት ተኩሱ። አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ዓይነት ቢያንስ አራት አምስት ወረቀት። አንድ ጊዜ በዕድል የተሰበሰበ ምት ምንም አይነግርም፤ ሰው ግን ያንን ወረቀት ነው ኪሱ አድርጎ የሚያሳየው። እጅግ የተራራቁትን ሁለት ቀዳዳዎች ከውጭ ጠርዝ እስከ ውጭ ጠርዝ ለኩና የጥይቱን ስፋት ቀንሱ። የሁሉንም ወረቀት አማካይ አስሉ። የሸሸውን ቀዳዳ "ይሄ የእኔ ጥፋት ነው" ብላችሁ አትሰርዙት። በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ የሚሸሽ ካለ የጥይቱ ጸባይ ነው።

ምቱ መሐል ላይ አለማረፉ አያሳስባችሁ። የምትፈልጉት መሰብሰቡን ነው። የተሰበሰበን ምት መነጽር አስተካክሎ ወደ መሐል ማምጣት ይቻላል፤ የተበተነን ግን መነጽር አይሰበስበውም።

የፍጥነት መለኪያ መግዛት አለብኝ?

የግድ አይደለም፤ ካለ ግን ደስ ይላል። ጥቅሙ ፍጥነቱ ስንት ነው ከሚለው ይልቅ ምን ያህል ይለዋወጣል የሚለውን ማሳየቱ ነው። አሥር ጊዜ ተኩሳችሁ ልዩነቱ በሰከንድ ከ5 ሜትር ካላለፈ ጥይቱና ጠመንጃው ተስማምተዋል። ይሄ ልዩነት በ25 ሜትር ላይ ምቱን ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ከፍና ዝቅ ቢያደርገው ነው። በ50 ሜትር ግን 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በቅርብ የሚተኩስ ሰው እንቅልፍ አያጣበትም።

ኃይሉንም ማስላት ይቻላል። የጥይቱን ክብደት በኪሎ ግራም ወስዳችሁ በፍጥነቱ (ሜትር በሰከንድ) አባዙት፣ ውጤቱን እንደገና በፍጥነቱ አባዙና ለሁለት አካፍሉት፤ ጁል ይሰጣችኋል። 1 ግሬን 0.0648 ግራም ነው።

ጥይት ስቀይር የማነጣጠሪያው ልክ ለምን ይዛባል?

ክብደቱና ፍጥነቱ ስለተቀየረ መውረጃውም ይቀየራል። በዚያ ላይ በርሜሉ በየተኩሱ ይርገበገባል፤ ሌላ ጥይት አፈሙዙን የሚለቀው በሌላ ቅጽበት ነው። ስለዚህ ምቱ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ሊሄድ ይችላል። መነጽሩን እንደገና ማስተካከል ነው፣ ሌላ መላ የለውም።

ጥይት መመዘን፣ ማጠብ፣ መቀባት ዋጋ አለው?

ከሁሉም በፊት ቀሚሱን እዩ። ቀሚሱ የተጨፈለቀ ጥይት ወደ ጎን ይሸሻል፤ በዓይን አይቶ መለየት ደግሞ ምንም አያስወጣም። ጣሳውን አታራግፉት፣ አትጣሉት፣ ጥይቱን ኪስ ውስጥ ከቁልፍ ጋር አትክተቱት።

መመዘን ለርካሽ ጥይት ይጠቅማል፤ ከአንድ ጣሳ ውስጥ እንኳ ክብደቱ ይለያያልና። ከጥሩ ፋብሪካ የወጣውን መመዘን ግን ለውድድር ካልሆነ ጊዜ ማጥፋት ነው። ማጠብ ከፋብሪካ የቀረውን ብናኝና ስብርባሪ ያስወግዳል። ከታጠበ በኋላ በደንብ መድረቅ አለበት፤ ቀጭን ቅባት መቀባትም እርሳሱ እንዳይነጣ ይረዳል። ለሞላ ጠመንጃ ግን ቅባት ሲበዛ አደጋ ነው። የተጨመቀው አየር ስለሚግል ዘይቱ ሊቀጣጠልና ጎማውን ሊያቃጥል ይችላል።

አንድ ትንሽ ምክር፦ የሚስማማችሁን ካገኛችሁ ጣሳው ላይ ያለውን የምርት ቁጥር መዝግቡ፤ ከተቻለ ከዚያው ቁጥር ደርደር አድርጋችሁ ግዙ። ስሙ አንድ ሆኖ በሌላ ጊዜ የተመረተው ጥይት ጸባዩ ሊለይ ይችላል።

የተተኮሰ ጥይት መልሼ ብጠቀምስ?

አይሆንም። ቅርጹ ጠፍቷል፣ አሸዋ ይዞ ሊገባ ይችላል፣ በርሜሉም ውስጥ ሊቀረቀር ይችላል።

ሳልጎርስ ብተኩስ ጉዳት አለው?

በሞላ ጠመንጃ አዎ። በጣም ቀላል ጥይት የሚያደርሰውን ጉዳት በአንድ ጊዜ አብዝቶ ያደርሰዋል፤ ፒስተኑን የሚያበርድለት ምንም የለም። ፒሲፒ ላይ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም፣ ግን ልማዱ መጥፎ ነው። ባዶ ነው ብሎ ምላጭ መሳብን የለመደ እጅ አንድ ቀን ባዶ ያልሆነውን ይስባል።

ጥይት መቀየር ከሕግ ጋር ሊያጋጨኝ ይችላል?

የኃይል ገደብ ባለበት አገር ይችላል። ለምሳሌ በብሪታንያ የአየር ጠመንጃ ኃይሉ ከ12 ፉት-ፓውንድ፣ ማለትም ከ16.3 ጁል ገደማ ካለፈ የጦር መሣሪያ ፈቃድ ይጠየቅበታል። በጀርመን 7.5 ጁል ያላለፉት ናቸው ያለ ፈቃድ እንደሚገዙ የሚያሳየው፣ በአምስት ማዕዘን ውስጥ ያለ የኤፍ ፊደል የሚታተምባቸው። ጉዳዩ እዚህ ጋ ነው፦ ኃይል የሚለካው በጠመንጃው ብቻ ሳይሆን ከጥይቱ ጋር ነው። ፒሲፒ በቀላል ጥይት ሲለካ ከገደቡ በታች ሆኖ፣ ከበድ ያለ ጥይት ሲጎርስ ሊያልፍ ይችላል። የብሪታንያው ሕግ የሚያየው ጠመንጃው ምን ማድረግ እንደሚችል ነው፤ እናንተ የምትጠቀሙበት ጥይት የትኛው ነው ብሎ አይጠይቅም። ገደቡ ላይ የተጠጋ ጠመንጃ ያለው ሰው በሁለቱም ዓይነት ቢያስለካ ይሻለዋል።

እርሳሱ ለጤና አያሰጋም?

በጥንቃቄ ከተያዘ ስጋቱ ትንሽ ነው፤ ግን እርሳስ መርዝ ነው። ጥይት አፍ ውስጥ አይያዝም። እጅ ሞልቶ ነው እያሉ ጥይት ከንፈራቸው መሐል የሚይዙ ተኳሾች አሉ፤ ተዉት። በተኩስ መሐል አይበላም፣ አይጨስም፤ ሲጨረስ እጅ በሳሙና ይታጠባል። ቤት ውስጥ ከሆነ አየር የሚዘዋወርበት ክፍል ይሁን፤ የጥይት ማቆሚያው ሳጥን አካባቢ የሚጠራቀመውን ብናኝ በደረቁ ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ይሻላል። የተጨፈለቁትን ጥይቶች ሰብስባችሁ ክዳን ባለው ዕቃ አስቀምጡ፤ እርሳስ መልሶ የሚያቀልጥ ድርጅት ይወስዳቸዋል። ጣሳውም ሕፃናት የማይደርሱበት ቦታ፣ ከጠመንጃው ተለይቶ ይቆለፍበት።